ከ‹‹ዙር!›› በፊት የዞረ



ጨዋታችንን ከሰልፍ ሜዳ እንጀምር። አዛዡ ‹‹ቀኝ ኋላ…›› ብሎ ድምፁን ሲያንጠለጥል ሰልፈኛው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ያውቃል እንጂ ገና አልታዘዘም፤ ስለዚህም ‹‹ዙር!›› እስኪባል ድረስ ተረከዙን ከመሬት አያነሣም። አንዳንድ ጊዜ ግን ከመካከል አንዱ ይቸኩልና ብቻውን ይዞራል። ጓዶቹ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ እርሱ ወደ ምዕራብ ያፈጣል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ እምቢተኛም አይደለም። እንዲያውም የታዘዘውን ከሁሉ ቀድሞ ለመፈጸም የተጋ ነው። ሆኖም ሰልፉን ያበላሸው እርሱ መሆኑን ማንም አይክድም።

በአሜሪካ እግር ኳስ ይህችው ትንሽ ጥፋት የራሷ ሕግ፣ የራሷ ዳኛ፣ የራሷ የእጅ ምልክትና የራሷ ቅጣት አላት። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች ዘመድ ያላቸው አንባብያን ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲመለከቱ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ይኸውም ‹‹ኳሱ ገና ከመሬት ሳይነሣ ፊሽካ የሚነፋው ለምንድን ነው? አንዳንዴ ደግሞ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ወርውሮ ጨዋታው እንዲቀጥል የሚተወው ስለምን ነው?›› የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከስፖርት ሜዳ አልፎ የሚያስተምረን ነገር አለው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የጨዋታውን አቋም ባጭሩ እንመልከት። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር ያለው ርቀት 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ሙከራ የሚጀመረው መሬት ላይ ከተቀመጠ ኳስ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ከኳሱ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ስፋቱ የኳሱ ርዝመት ብቻ፣ ይኸውም 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህች ጠባብ ቦታ ገለልተኛ ቀጣና ናት። ከአጥቂዎቹ መካከል በመሐል ያለው ሰው ኳሱን በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ፣ ማለትም ለጨዋታው መሪ የሚሰጥባት ቅጽበት ‹‹ስናፕ›› ትባላለች። ጨዋታው የሚጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አጥቂዎቹ ስናፑ መቼ እንደሚሆን አስቀድመው ተነጋግረዋል፤ በሦስተኛው ጥሪ ይሁን በአንደኛው ያውቁታል። ተከላካዮቹ ግን አያውቁም። ሰዓቱን የሚያውቅና የማያውቅ ሁለት ወገን ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ የሚያውቀው ወገን ከወዲሁ ትልቅ ብልጫ ይዟል። ሕጉ ይህን ብልጫ አልነፈገውም፤ ነገር ግን ዋጋ ጠየቀበት። ዋጋውም ጸጥ ብሎ መቆም ነው። አጥቂዎቹ ቦታቸውን ከለዋወጡ በኋላ 11ዱም ከስናፑ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰኮንድ ሳይነቃነቁ መቆም አለባቸው። ከዚያ በኋላ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ከመስመሩ ጀርባ ያለ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። በመስመሩ መካከል እጁን መሬት አስነክቶ ያጎነበሰው ሰው ደግሞ እጁን ካስቀመጠ በኋላ ማንሣት አይችልም። በአንጻሩ ተከላካዩ ገለልተኛውን ቀጣና እስካልረገጠ ድረስ በራሱ ወገን እንደ ልቡ ይመላለሳል። ሰዓቱን ላላወቀ ሰው ሕጉ ያደረገለት ካሣ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፊሽካው መቼ ይነፋል? ጨርቁስ መቼ ብቻውን ይወረወራል?

ከአጥቂዎቹ አንዱ ከስናፑ በፊት ድንገት ቢነቃነቅና ጨዋታው የተጀመረ ቢያስመስል ጥፋቱ ‹‹ፎልስ ስታርት›› ይባላል። ፊሽካው ወዲያውኑ ይነፋል፤ ዋናው ዳኛ ሁለት ክንዶቹን በደረቱ ፊት እርስ በርስ ያሽከረክራል፤ ቡድኑም 5 ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ጨዋታው እንዲቀጥል የማይፈቀደው ተከላካዩ ስለተታለለ ነው። የተታለለ ሰው የተጀመረ መስሎት ዘልሎ ሲገባ በእርሱ ጥፋት ላይ ተመሥርቶ የሚገኝ ውጤት ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ዓይነት ጥፋት በስናፑ ቅጽበት የሚገኘው ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እየተንቀሳቀሱ ሳሉ ኳሱ ቢነሣ፣ ወይም የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሰው ወደ ፊት እየገሠገሠ ቢሆን፣ ወይም ቡድኑ ቦታ ለውጦ አንዷን ሰኮንድ ሳያሟላ ቢጀምር ቢጫው ጨርቅ ይወረወራል፤ ጨዋታው ግን ይቀጥላል። ሙከራው ሲያበቃ ተበዳዩ ቡድን ይጠየቃል። የአጥቂው ሙከራ ከሽፎ ከሆነ ተበዳዩ ቅጣቱን ትቶ ውጤቱን ይቀበላል፤ ተሳክቶ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱን ወስዶ ሙከራው እንዲደገም ያደርጋል። ምርጫው የተበደለው ነው እንጂ የበደለው አይደለም።

በተከላካዩ በኩልም እንዲሁ ነው። ተከላካዩ ከስናፑ በፊት መስመሩን ተሻግሮ አጥቂውን ቢነካ፣ ወይም ወደ ገለልተኛው ቀጣና ገብቶ ፊት ለፊቱ ያለውን አጥቂ ቢያስደነግጥና ቢያነቃንቅ ፊሽካው ይነፋል። በዚህ ጊዜ ‹‹ፎልስ ስታርት›› የተጠራበት መስሎን በአጥቂው ላይ እንፈርዳለን፤ ዳኛው ግን መጀመሪያ ያስደነገጠው ማን እንደሆነ አይቶ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ተከላካዩ ማንንም ሳይነካና ሳያስደነግጥ በቀጣናው ውስጥ እንዳለ ኳሱ ከተነሣ ግን ጨርቁ ይወረወርና ጨዋታው ይቀጥላል። አጥቂው በዚያ ሙከራ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ረጅም ኳስ ወርውሮ ዕድሉን ይሞክራል። ከዚህ የሚለየው ተከላካዩ ያለ አንዳች እንቅፋት በቀጥታ ወደ ኳርተርባኩ የሚገሠግሥ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ለሰው አካል ደኅንነት ሲባል ፊሽካው ሳይዘገይ ይነፋል።

እንግዲህ የሕጉ አካሄድ ግልጽ ነው። ጥፋቱ ሌላውን ሰው ካታለለ ወይም ለአደጋ ካጋለጠ ወዲያው ይቆማል። ካላታለለና ካላጋለጠ ግን ይመዘገባል፤ ሥራው ይቀጥላል፤ ሒሳቡም በመጨረሻ በተበዳዩ ፈቃድ ይወራረዳል።

አንዳንድ አንባብያን ‹‹ማታለል ከተከለከለ ኳርተርባኩ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ተከላካዮችን ሲያስዘልል ስለምን አይቀጣም?›› ይሉ ይሆናል። ይህም በሕጉ የታሰበበት ነው። በድምፅ ማሳሳት ተፈቅዷል፤ በአካል ማሳሳት ግን ተከልክሏል። ለተከላካዩ አስተማማኙ ምልክት የኳሱ መነሣት ነውና ጆሮውን ትቶ ዓይኑን እንዲያምን ይጠበቅበታል። ለብዙ ዓመታት በግሪን ቤይ ቡድን የተጫወተው አሮን ሮጀርስ በዚህ ጥበብ ስሙ የታወቀ ነው፤ በጥሪው ብቻ ተከላካዮችን እያዘለለ በነፃ የሚገኘውን ሙከራ ወደ ረጅም ውርወራ ይለውጥ ነበር።

ድምፅ ግን አጥቂውንም ይጎዳል። እንግዳ ቡድን በባላጋራው ሜዳ ሲጫወት ተመልካቹ ሆን ብሎ ይጮኻል፤ የመስመሩ ሰዎችም የመሪያቸውን ጥሪ መስማት ይሳናቸዋል። በኅዳር ወር 2005 የኒው ዮርክ ጃያንትስ በሲያትል ከተማ ሲጫወቱ በአንድ ጨዋታ 11 ጊዜ ‹‹ፎልስ ስታርት›› ተጠርቶባቸው በጭማሪ ሰዓት 24 ለ 21 ተሸንፈዋል። እነዚያ ሰዎች ሕጉን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ጆሮአቸው ሲታፈን ልባቸው ተሸበረ፤ የተሸበረ ልብ ደግሞ እግርን ከትእዛዝ በፊት ያነሣል። ስለዚህም በጩኸት ውስጥ የሚጫወቱ ቡድኖች ጥሪውን ትተው በዓይን በሚታይ ምልክት መጀመርን ይለማመዳሉ። ልምምዱ የሚጠቅመው ግን ጩኸቱ ከመምጣቱ በፊት ከተደረገ ብቻ ነው።

ወደ ዳኞቹ እንለፍ። በከፍተኛው የሙያ ሊግ 7 ዳኞች በሜዳው ላይ ይሰማራሉ። ከነዚህ ሁለቱ በመፋጠጫው መስመር ሁለት ጫፍ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ቆመው በመስመሩ ርዝመት ይመለከታሉ። ተመልካቹ ሁሉ ዓይኑን ኳሱ ላይና ኳርተርባኩ ላይ ሲተክል የእነርሱ ዓይን በጣቶች፣ በጉልበቶችና በትከሻዎች ላይ ነው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ይህንን ፍተሻ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋግሙታል። የሚፈርዱትም በታየው እንጂ በልብ ውስጥ ባለው አይደለም። ተጫዋቹ ‹‹አላሰብኩትም፣ እግሬ ተንሸራተተ›› ቢል መልሱ ‹‹እናምንሃለን፤ ቢሆንም 5 ያርድ›› ነው። ቅጣቱም ትንሽ የሆነው ስለዚህ ነው። በአትሌቲክስ ሕግ ከጥይቱ በፊት የተነሣ የአጭር ርቀት ሯጭ ከውድድሩ ይወጣል፤ ዩሴይን ቦልት በ2011 በዴጉ የ100 ሜትር ፍጻሜ የደረሰበት ይኸው ነው። የ100 ሜትር ሩጫ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሡበት ነው። መቶ ጊዜ የሚጀመር ጨዋታ ሰውን እያባረረ ሊዘልቅ አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ጥፋቱን ሁልጊዜ፣ ወዲያው፣ ያለ ቁጣና በእኩል መጠን መቅጣትን መረጠ።

ሁልጊዜና በእኩል የሚለው ቃል ግን በወረቀት ላይ የሚቀል፣ በሜዳ ላይ የሚከብድ ነው። ይህን የሚያሳዩ የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች አሉ።

በታኅሣሥ 10 ቀን 2023 ካንሳስ ሲቲ በሜዳው ከበፋሎ ጋር ሲጫወት 20 ለ 17 እየተመራ፣ ለመጨረስ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው አስደናቂ ጎል አስቆጠረ። ትራቪስ ኬልሲ የተቀበለውን ኳስ ወደ ኋላ ለካዳሪየስ ቶኒ አቀበለው፤ ቶኒም እስከ ጎሉ መስመር ሮጠ። ነገር ግን ቢጫው ጨርቅ አስቀድሞ ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር። ቶኒ ከስናፑ በፊት እግሩን ከመስመሩ አሳልፎ ቆሞ ነበርና ጎሉ ተሰረዘ፤ ቡድኑም ተሸነፈ። አሠልጣኙ አንዲ ሪድ ዳኞች እንዲህ ባለው ጉዳይ አስቀድመው ማስጠንቀቅ የተለመደ መሆኑን ጠቅሶ ቅሬታ አቀረበ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስም በሜዳው ላይ ቁጣውን ገልጾ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ስለ ሁኔታው መጸጸቱን ተናገረ። እኛም እንዲህ እንላለን፦ ማስጠንቀቂያ የዳኛው ደግነት ነው እንጂ የተጫዋቹ መብት አይደለም። ሥዕሉ እግሩ አልፎ እንደነበር ያሳያል። የመስመሩ ዳኛ ‹‹ጎሉ ውብ ነው፣ ሰዓቱም አልቋል›› ብሎ ጨርቁን በኪሱ ቢያስቀር ኖሮ በሌላኛው ወገን በሥርዓት ተሰልፈው የቆሙትን 11 ሰዎች በበደለ ነበር።

ቅጣቱ ትንሽ መሆኑም ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። ከጎሉ መስመር አጠገብ ሲሆን 5 ያርድ ሙሉ አይቀጣም፤ የቀረው ርቀት ግማሽ ብቻ ይወሰዳል። አንድ ያርድ ሲቀር ግማሹ ከምንም አይቆጠርም። በጥር 26 ቀን 2025 በፊላደልፊያና በዋሽንግተን መካከል በተደረገው የምድብ ፍጻሜ የታየው ይህ ነበር። ፊላደልፊያ ኳርተርባኩን ከኋላ በመግፋት ጎል ለማስቆጠር ሲሰለፍ የዋሽንግተኑ ፍራንኪ ሉቩ ሁለት ጊዜ ከስናፑ በፊት ከመስመሩ በላይ ዘለለ፤ ጥፋቱም ከዚያ በኋላ በቡድኑ ተደገመ። ቅጣት የማይሰማው ጥፋት ጥፋት መሆኑ ይረሳል። በዚህ ጊዜ ዋናው ዳኛ ሾን ሆኩሊ ድርጊቱ ቢቀጥል ዳኞች ራሳቸው ጎሉን ሊያጸድቁ እንደሚችሉ ለዋሽንግተን መነገሩን በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ አስታወቀ። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሆን ተብሎ ለሚደጋገም አግባብ የሌለው ድርጊት ይህን ሥልጣን አስቀምጦለታል። ማስጠንቀቂያው በቂ ሆነ፤ ፊላደልፊያም ጎሉን በወጉ አስቆጠረ፤ ጨዋታውንም 55 ለ 23 አሸነፈ።

ሚዛኑ ግን በሌላም በኩል ሊዛባ ይችላል። በግንቦት 2025 ያ የመግፋት ስልት እንዲከለከል ከ32ቱ ቡድኖች 22ቱ ድምፅ ቢሰጡም 24 ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ ወደቀ። በመስከረም 14 ቀን 2025 ደግሞ ይኸው የፊላደልፊያ ቡድን በካንሳስ ሲቲ ሲጫወት የመስመሩ ሰዎች ከኳሱ ቀድመው ሲነሡ በፊልም ታየ፤ ፊሽካው ግን ዝም አለ። ፊላደልፊያ 20 ለ 17 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሊጉ ዳኞቹ በዚህ ስልት ወቅት የሚደረገውን እንቅስቃሴ በጥብቅ እንዲቆጣጠሩ አሳሰበ። ሁሉም ሰው ተጣብቆ ባጎነበሰበት ስፍራ ያችን ቅጽበት ማየት ከባድ መሆኑን እንረዳለን። ሆኖም ቸኩሎ የተነሣ ሳይቀጣ ሲቀር፣ ጸጥ ብሎ የጠበቀው በሥነ ሥርዓቱ ተቀጣ ማለት ነው። የዳኛውን ሥራ ከባድ የሚያደርገውም፣ ክቡር የሚያደርገውም ይህ ነው። የሚሟገትለት ሰው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃልና።

የቤተሰብ ማዕዘን

እናቶችና ልጆች ለዚህ ቢጫ ጨርቅ ታሪክ ጆሮ ይስጡ። ቀደም ባለው ዘመን ዳኞች ጥፋት ሲያዩ በጥሩምባና በፊሽካ ብቻ ያመለክቱ ነበር፤ በጩኸት መካከልም የሚሰማቸው አልነበረም። በኦሃዮ ግዛት የያንግስታውን ኮሌጅ አሠልጣኝ የነበረው ድዋይት ቢዲ በዓይን የሚታይ ነገር ያስፈልጋል ብሎ አሰበ። ባለቤቱ ኢርማ ቢዲ ቀይ ጨርቅና ነጭ ጨርቅ አገጣጥማ፣ እንዲወረወርም ክብደት ሰጥታ የመጀመሪያዎቹን ባንዲራዎች በእጅዋ ሰፋች። በጥቅምት 17 ቀን 1941 ያንግስታውን ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር ባደረገው ጨዋታ ዳኞች ተጠቀሙባቸው። የሙያ ሊጉ ባንዲራውን በ1948 ተቀበለ፤ ቀለሙም በ1965 ቢጫ ሆነ። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያዩት ምልክት መነሻው በአንዲት ሴት መርፌ ነው።

ሴቶች በመስፋት ብቻ አልቀሩም። የሚሲሲፒዋ ተወላጅ ሳራ ቶማስ በ2015 በዚህ ሊግ የመጀመሪያዋ ቋሚ ሴት ዳኛ ሆነች። በየካቲት 7 ቀን 2021 ደግሞ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ በመዳኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የቆመችውም ከላይ በገለጽነው ስፍራ፣ በመፋጠጫው መስመር ጫፍ ነበር። የሦስት ልጆች እናት ናት። ልጆቹን እያየ ‹‹መጀመሪያ የነካህ ማን ነው?›› ብሎ መፍረድ የለመደ ሁሉ ሥራዋ ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ልጆችም ቢሆኑ ይህን ሕግ ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። ኩኩሉ ሲጫወቱ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ‹‹ነጋ›› ሳይባል ዓይኑን ቢገልጥ ምን ይሆናል? ማንም አይደበድበውም፤ ከጨዋታም አይባረርም። ሁሉም ‹‹አይቆጠርም!›› ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ዳግመኛም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በዚያች ‹‹አይቆጠርም›› ውስጥ የአሜሪካኖቹ ሕግ ሁሉ አለ። ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ቂም የለውም፤ ጨዋታውም ከመጀመሪያው ይነሣል።

ወላጆች ልጆቻቸው ይህን ሲሉ በሰሙ ጊዜ ቸል እንዳይሉት እናሳስባለን። ዛሬ በጓሮ ‹‹ነጋ›› እስኪባል ዓይኑን ጨፍኖ የጠበቀ ልጅ፣ ነገ ‹‹ዙር!›› እስኪባል ተረከዙን ሳያነሣ የሚቆም ሰው ይሆናል። ከርሱ ጎን የቆመውም ሰው ያለ ሥጋት ፊት ለፊቱን ማየት ይችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።